ጥያቄና መልስ፦ ከቁንጫ መድኃኒት በኋላ እንስሳው ሲታመም

በዚህ ዕትም ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው፤ ቁንጫ እንዲለቀው መድኃኒት ተደርጎለት ስለታመመ ድመት፣ ውሻ ወይም ጥንቸል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል። እንስሳው አሁን እየተንቀጠቀጠበት ያለ አንባቢ ካለ በቀጥታ ወደ መጀመሪያው መልስ ይሂድ፤ ስለ እጥበቱ የሚናገረው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ለውሻችን ከምንገዛው የጀርባ ጠብታ አንድ ቱቦ ተርፎን ነበር። ድመቷ ስታክ ብትውል ጊዜ «ትንሽ ስለሆነች ግማሹ ይበቃታል» ብዬ ጫንቃዋ ላይ አደረግሁላት። ማታ ላይ ጆሮዋ ይርገበገብ፣ መዳፏን ደጋግማ ታራግፍ ጀመር። ሌሊት መላ ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ። ድንገተኛ ክሊኒክ ሦስት ቀን ተኝታ ድናልኛለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ውሻው በዚያው መድኃኒት ምንም ሆኖ አያውቅም። እሷን ግማሹ ለምን እንዲህ አደረጋት? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ እንኳን ተረፈችልዎ። ለውሻ በሚሸጡ ብዙ የጀርባ ጠብታዎች ውስጥ ፐርሜትሪን የሚባል ፀረ ተባይ አለ። መጠኑ ከ45 እስከ 65 በመቶ ይደርሳል። ፐርሜትሪን የነርቭ ሕዋሳት ላይ ያሉት የሶዲየም መግቢያዎች ቶሎ እንዳይዘጉ ስለሚያደርግ፣ ነርቩ አንድ መልእክት ልኮ ማረፍ ሲገባው ደጋግሞ ይልካል፤ ጡንቻውም ፋታ አጥቶ ይንቀጠቀጣል። የውሻ ጉበት መድኃኒቱን አፍርሶ፣ ከግሉኩሮኒክ አሲድ ጋር አያይዞ ከሰውነት ያስወጣዋል። ድመት ይህን የማያያዝ ሥራ የሚሠሩት ኢንዛይሞች በጣም ስለሚያንሷት መርዙ ሰውነቷ ውስጥ ይቆያል። ፓራሲታሞል ለሰው ቀላል መድኃኒት ሆኖ ሳለ ድመትን የሚገድለው በዋናነት በዚሁ ጉድለት የተነሳ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። 45 በመቶ የሆነ ጠብታ 1 ሚሊ ሊትሩ 450 ሚሊ ግራም ፐርሜትሪን ይይዛል። 4 ኪሎ ተኩል በምትመዝን ድመት ላይ 1 ሚሊ ሊትር ሲደረግ በኪሎ 100 ሚሊ ግራም ደረሳት ማለት ነው፤ ይህ ለሕይወቷ የሚያሰጋ መጠን ነው። ለትልቅ ውሻ የሚዘጋጁት ቱቦዎች ደግሞ 2 ሚሊ ሊትር ተኩል፣ አንዳንዶቹም 4 ሚሊ ሊትር ይይዛሉ። ስለዚህ የቱቦው ግማሽ ራሱ ከአደጋው መስመር ያለፈ ነው። ድመት ላይ በግማሽ ወይም በሩብ ተቀንሶ ደህና የሚሆን የውሻ ፐርሜትሪን የለም።

ምልክቱ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጀምራል፤ አንዳንዴ ግን እስከ 3 ቀን ይዘገያል። እርስዎ ያዩት የጆሮ መርገብገብና መዳፍ ማራገፍ የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ቀጥሎ ስትነካ መደንበር፣ መንገዳገድ፣ የዓይን ብሌን መስፋት፣ ምራቅ መዝረብረብ ይመጣል፤ ከዚያ መላ ሰውነት መንቀጥቀጥ፣ ብሎም ራስን ስቶ መንፈራገጥ። ረጅም መንቀጥቀጥ የሰውነትን ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ያወጣል፤ ሙቀቱ ራሱን የቻለ ጉዳት ያስከትላል።

መሳሳትዎን እንዳወቁ፣ ድመቷ ምንም ምልክት ባታሳይም ይጠቧት። ጓንት ያድርጉ። ለብ ያለ ውሃና የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና (ብዙዎቻችን ላርጎ የምንለውን) ይጠቀሙ፤ መድኃኒቱ ቅባታማ ስለሆነ ለስላሳ የገላ ሻምፑ አያነሳውም። መጀመሪያ የተጠባጠበበትን ቦታ ሳሙናውን በውሃ ሳያቀጥኑ አሽተው ይጠቡት፣ ያለቅልቁት፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙት፤ በመጨረሻ መላ ሰውነቷን ይጠቡ። ሙቅ ውሃ የቆዳውን የደም ዝውውር ጨምሮ መርዙ ቶሎ እንዲገባ ያደርጋል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ሙቀቷን አውርዶ መንቀጥቀጡን ያብሳል። በፎጣ በደንብ አድርቀው፣ ራሷን እንዳትልስ ጠቅልለው ይያዟት። ወተት፣ ቅቤ፣ ዘይት አይስጧት፤ ፐርሜትሪን ቅባት ውስጥ ስለሚሟሟ የዋጠችው ካለ ይበልጥ ይሰርጻል። እንድታስመልስም አያስገድዷት። መንፈራገጥ ከጀመረች እጥበቱን ይተዉትና ወደ ክሊኒክ ይሩጡ፤ መጀመሪያ መርፌው፣ ከዚያ እጥበቱ ነው።

ክሊኒክ ውስጥ መንቀጥቀጡን በተሻለ የሚያስታግሰው በደም ሥር የሚሰጥ ሜቶካርባሞል ነው። ዳያዜፓም ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም። 20 በመቶ የሆነ በደም ሥር የሚሰጥ የቅባት ፈሳሽ ያላቸው ክሊኒኮች እሱንም ይጨምራሉ፤ ቅባቱ ደም ውስጥ ያለውን ፐርሜትሪን ወደ ራሱ ይስባል። አትሮፒን የፐርሜትሪን ማርከሻ አይደለም፤ ለምን እንደምናነሳው ከታች ካለው የዲያዚኖን ጥያቄ ይገባዎታል። በጊዜ የደረሰች ድመት አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ትድናለች፤ ቀሪ ጉዳትም ብዙ ጊዜ አይኖርም።

አንድ ነገር ይጨመር። ውሻዎ ይህን ጠብታ በሚደረግለት ቀን ድመቷ አጠገቡ እንዳትተኛ፣ ጀርባውንም እንዳትልስ። ቢያንስ እስኪደርቅ ድረስ ይለዩአቸው፤ ተቃቅፈው የሚተኙ ከሆነ 72 ሰዓት ለይቶ ማቆየት ይሻላል። ከሁሉም የሚሻለው ግን ድመት ባለበት ቤት ለውሻውም ፐርሜትሪን የሌለበትን መምረጥ ነው።

ጥያቄ፦ ለድመት ተብሎ የተሸጠልኝን ጠብታ ነው ያደረግሁላት። ወዲያው ዞራ ላሰችውና አፏ አረፋ ደፈቀ። ተመርዛ ነው? (ከአዲስ አበባ፣ ሰሚት)

መልስ፦ በአብዛኛው አይደለም። ፊፕሮኒልም ሆነ ኢሚዳክሎፕሪድ ያለባቸው ጠብታዎች፣ እንዲሁም የሚሟሙበት ፈሳሽ፣ በጣም ይመራሉ። ድመት መራራ ሲነካት ምራቋ እንደ አረፋ ይወጣል፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶም ይቆማል። አፏን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉላት፤ ውሃ ወይም ጥቂት የቱና ጭማቂ ያቅርቡላት። አረፋው ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ፣ ወይም መንቀጥቀጥ፣ መንገዳገድ፣ ተደጋጋሚ ማስመለስ ከተጨመረበት ግን ሐኪም ይያት፤ ካርቶኑን አብረው ይውሰዱ።

የሳቱት ቦታውን ይመስላል። ጠብታው ትከሻ መሃል ከተደረገ ምላሷ ይደርስበታል። ከራስ ቅሏ ሥር፣ አንገቷ መነሻ ላይ፣ ፀጉሩን ለሁለት ከፍለው ቆዳው ሲታይ ቆዳው ላይ ያፍስሱት። ፀጉር ላይ የቀረ መድኃኒት ሥራውንም አይሠራም።

ጥያቄ፦ ግቢ የሚጠብቁ ሁለት ውሾች አሉን። ቁንጫ ስላስቸገራቸው ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ለበግ የሚሆን ዲያዚኖን ገዝተን፣ በ5 ሊትር ውሃ ሦስት የሃይላንድ ክዳን ጨምረን አጠብናቸው። ትንሹ ከአንድ ሰዓት በኋላ ምራቁ ይዝረበረብ፣ ሆዱ ያስቀምጠው ጀመር፤ እግሩ ከድቶት ወደቀ፤ ሲመሽ ሞተ። ትልቁ ደህና ነው። መድኃኒቱ የተበላሸ ይሆን? (ከሱሉልታ)

መልስ፦ ስለ ውሻችሁ በጣም አዝነናል። መድኃኒቱ ተበላሽቷል የሚያሰኝ ነገር የለም፤ የጻፋችሁት መጠን ብቻውን ለሞት የሚያበቃ ነው።

ጠርሙሱ ላይ «60 በመቶ» የሚል ታገኛላችሁ፤ 1 ሚሊ ሊትሩ 600 ሚሊ ግራም ዲያዚኖን አለው ማለት ነው። ለበግ እከክና ለበግ ቅማል የሚበጠበጠው በ1 ሊትር ውሃ 1 ሚሊ ሊትር ነው። የውሃ ላስቲክ ክዳን ጢም ብሎ ሲሞላ 5 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ይይዛል። ሦስት ክዳን በትንሹ 15 ሚሊ ሊትር ሆነ፤ በ5 ሊትር ሲካፈል በሊትር 3 ሚሊ ሊትር። ለበግ ከሚፈቀደው ሦስት እጥፍ ነው። በዚያ ላይ ውሻ ከታጠበ በኋላ ራሱን ይልሳል፤ በቆዳው የገባውን በአፉ ይደግመዋል። ትንሽ ውሻ ከክብደቱ አንጻር ሲታይ የቆዳው ስፋት ከትልቁ ስለሚበልጥ በኪሎ የሚገባበት መርዝም ይበልጣል። ትልቁ የተረፈውና ትንሹ የሞተው በዚህ ይመስለናል።

ዲያዚኖን ኦርጋኖፎስፌት ከሚባሉት ወገን ነው። ነርቭ ለጡንቻና ለዕጢዎች መልእክት የሚያደርስበትን አሴቲልኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር የሚያጠፋ ኢንዛይም አለ፤ ዲያዚኖን ይህን ኢንዛይም ያስረዋል። መልእክቱ ሳይጠፋ ይከማቻል፤ ምራቅ፣ እንባ፣ ሽንት፣ ተቅማጥ አንድ ላይ ይመጣሉ፤ የዓይን ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ይጠባል፤ ጡንቻ ይርገበገብና ይዝላል። የሚገድለው በአብዛኛው የሳንባ ቱቦዎች በፈሳሽ መሞላትና የመተንፈሻ ጡንቻዎች መዛል ነው።

የዓይኑን ብሌን ማየት ልመዱ። በፐርሜትሪን የተመረዘ ብዙውን ጊዜ ብሌኑ ይሰፋል፤ በዲያዚኖን የተመረዘ ይጠባል፤ አፉም ሆዱም ይፈስሳል። ሐኪሙ ይህን ከነገራችሁት ጊዜ አያባክንም፤ ለኦርጋኖፎስፌት አትሮፒን ሕይወት አዳኝ ነውና። በኪሎ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ግራም ተጀምሮ፣ ሳንባው እስኪደርቅ ድረስ እየታየ ይደገማል። ፕራሊዶክሲም የሚባለው መድኃኒት ደግሞ የታሰረውን ኢንዛይም ያስለቅቃል፤ ነገር ግን መርዙ ከኢንዛይሙ ጋር ጸንቶ ከተያያዘ በኋላ አይሠራምና በመጀመሪያው ቀን መድረስ አለበት። እቤት ውስጥ ማድረግ የምትችሉት በሳሙናና በብዙ ለብ ያለ ውሃ ማጠብ፣ እንዳይልስ መከልከልና መሮጥ ነው። አጣቢው ረጅም ጓንት ያድርግ፣ ደጅ ላይ ያጥብ፤ መርዙ በሰው ቆዳም ይገባል። ያጠባችሁት ሰው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የዓይን ብዥታ ካለው ጤና ጣቢያ ይሂድ።

የተረፈውን ውሻ አሁንም በሳሙና እጠቡት። በሚቀጥሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ አንገቱን ማንሳት ወይም መቆም ካቃተው፣ ትንፋሹም ከከበደ ዘግይቶ የሚመጣ የጡንቻ መዛል ሊሆን ይችላል።

ወደፊትስ? ለውሻ ዲያዚኖን አትጠቀሙ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ለቤትና ለግቢ አገልግሎት እንዳይሸጥ የተደረገ መርዝ ነው። ለድመትማ ማሰቡም አይገባም። ለእህል ማከማቻ የሚነሰነሰው የማላታዮን ዱቄትም የዚሁ ወገን ስለሆነ ውሻው ማደሪያ ውስጥ አትነስንሱት። ግቢ ውስጥ የቀረውን ዲያዚኖን በሌላ ዕቃ አትገልብጡ፤ በተለይ በውሃ ላስቲክ። ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል።

ጥያቄ፦ ሰፈራችን የሚመጣ መርፌ ወጊ ለቡችላዬ «ለቁንጫም ለመዥገርም» ብሎ 1 ሚሊ ሊትር አይቨርሜክቲን ወጋው። በማግስቱ እንደ ዕውር ግድግዳ ይገጫል፣ ይንገዳገዳል። ክብደቱ 5 ኪሎ ገደማ ነው። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ዛሬውኑ ወደ ክሊኒክ ይውሰዱት። የከብት አይቨርሜክቲን መርፌ 1 በመቶ ነው፤ 1 ሚሊ ሊትሩ 10 ሚሊ ግራም አለው፤ የሚበቃውም ለ50 ኪሎ ከብት ነው። የእርስዎ ቡችላ በኪሎ 2 ሚሊ ግራም ተሰጥቶታል፤ ከከብቱ መጠን አሥር እጥፍ ነው። የቡችላ አንጎል ከደም የሚመጣን መድኃኒት የሚያግድበት መከላከያ ገና አልጠነከረም። ለጊዜው ዓይነ ስውር መሆን፣ የብሌን መስፋት፣ መንገዳገድ፣ ምራቅ፣ ሲብስም ራስን መሳት የታወቁ ምልክቶቹ ናቸው።

ቀጥተኛ ማርከሻ የለውም። ሕክምናው ጊዜ መግዛት ነው፤ ጉሉኮስና ፈሳሽ፣ ሙቀቱን መጠበቅ፣ በየጥቂት ሰዓቱ ማገላበጥ፣ ዓይኑን በቅባት ማለስለስ፣ መዋጥ ካልቻለ በቱቦ መመገብ። የቅባት ፈሳሽ ያለው ክሊኒክ ይሞክረዋል። መዋጥ ሳይችል በግድ ወተት አያጠጡት፤ ሳንባው ውስጥ ይገባል። ማገገሙ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል፤ እይታውም ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ስለዚህ «አይድንም» ተብሎ ቶሎ ተስፋ አይቆረጥ።

ኮሊና መሰል የበግ ጠባቂ ዝርያዎች ላይ ጉዳዩ የከፋ ነው። ኤምዲአር1 የሚባለው ዘረ መል ጉድለት ያለባቸው ውሾች በኪሎ 0.1 ሚሊ ግራም እንኳ ሊመርዛቸው ይችላል፤ ከጀርመን ሸፐርዶችም የተወሰኑት ይህ ጉድለት አለባቸው። የሚያሳዝነው ደግሞ አይቨርሜክቲን ለውሻ ቁንጫ ይህን ያህል የማይረባ መሆኑ ነው። ቡችላው የተጎዳው ቁንጫውን በማይገድል መድኃኒት ነው። ለከብት መዥገር የሚበጠበጠው 12.5 በመቶ አሚትራዝም እንዲሁ ቁንጫ አይገድልም፤ የሚያደክም፣ የልብ ምት የሚያዘገይ፣ የደም ስኳር ከፍ የሚያደርግ መርዝ ነው። እሱ ግን አቲፓሜዞል ወይም ዮሂምቢን የሚባል ማርከሻ አለው፤ ስለዚህ የተረጨው አሚትራዝ መሆኑን ለሐኪሙ መናገር ብዙ ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ ውሻችን የወር የቁንጫ ክኒን ከወሰደ በኋላ በሦስተኛው ቀን ወድቆ ተንፈራገጠ። ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ሐኪሙ «ከክኒኑ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል» አለን። (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ ሐኪሙ ያሏችሁ ትክክል ነው። አፎክሶላነር፣ ፍሉራላነር፣ ሳሮላነርና ሎቲላነር አይሶክሳዞሊን የሚባል አንድ ወገን ናቸው። የነፍሳትን ነርቭ ከአጥቢ እንስሳት ነርቭ በጣም በበለጠ ስለሚነኩ ብዙ ውሾች ያለ ችግር ይወስዷቸዋል። ሆኖም የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 ይህ ወገን በአንዳንድ ውሾችና ድመቶች ላይ መንቀጥቀጥ፣ መንገዳገድና የሚጥል በሽታ መሰል ምልክት ሊያመጣ እንደሚችል፣ ይህም ወድቀው በማያውቁት ላይ ጭምር እንደሚታይ አስጠንቅቋል። በሌላ በኩል የሚጥል በሽታ በራሱ ሊጀምር የሚችል ነው። ከአንድ ጊዜ መውደቅ ተነስቶ ጥፋተኛውን መለየት አይቻልም፤ የደም ስኳር፣ ካልሲየም፣ ጉበት ይመርመሩ።

ክኒን ከተዋጠ በኋላ እንደ ጠብታ ታጥቦ አይወጣም። የአፎክሶላነር ውጤት አንድ ወር፣ የፍሉራላነር 12 ሳምንት ያህል ይቆያል። ለዚህ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወስድ ውሻ የሦስት ወሩን ሳይሆን የአንድ ወሩን ማስቀደም የሚሻለው። የእናንተ ውሻ ከእንግዲህ ከዚህ ወገን ምንም አይውሰድ። ስሙ ቢለያይም ወገኑ አንድ ስለሆነ ወደ ሌላው ክኒን መዛወር መፍትሔ አይደለም። ከሐኪሙ ጋር ስለ ፊፕሮኒል፣ ኢሚዳክሎፕሪድ ወይም ሰላሜክቲን ጠብታ ተነጋገሩ።

ድጋሚ ከወደቀ ራሱን የሚመታበትን ዕቃ አርቁ፣ መብራቱን ቀንሱ፣ እጃችሁን አፉ ውስጥ አታስገቡ። ሰዓት ያዙ፤ በስልክ ቅረጹት። ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ ወይም በአንድ ቀን ውስጥ ከተደጋገመ ድንገተኛ ነው።

የደረሰውን ሐኪሙ ለአገሩ የእንስሳት መድኃኒት ተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ጠይቁ፤ የእነዚህ ክኒኖች ማስጠንቀቂያ የመጣው ባለቤቶችና ሐኪሞች ስላመለከቱ ነው። የምርቱ ስም፣ ባች ቁጥር፣ የውሻው ክብደት፣ የተሰጠበትና ምልክቱ የታየበት ቀንና ሰዓት ይጻፍ። አሜሪካ ላላችሁ፣ ክኒን ከሆነ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር፣ ፐርሜትሪንና ፊፕሮኒልን የመሰሉ ጠብታዎች ከሆኑ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ነው የሚመለከተው። በኢትዮጵያ የእንስሳት መድኃኒት ቁጥጥር የግብርና ባለሥልጣን ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ጠብታው ባረፈበት ቦታ ፀጉሩ ረገፈ፣ ቆዳውም ቀላ። (ከአዳማ)

መልስ፦ የቆዳ መቆጣት ነው። ቦታውን በለብ ያለ ውሃና በሳሙና ይጠቡት፣ እንዳያክ ይጠብቁት። ፀጉሩ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ከቆሰለ ወይም መግል ከያዘ ሐኪም ይየው፤ በሚቀጥለው ጊዜም ሌላ ዓይነት ይምረጡ። ውሻው ቁስል ያለበት ወይም የተላጨ ቆዳ ላይ ጠብታ አይደረግም።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሁለት ጥንቸሎች አሉኝ። ለድመታችን የተገዛው የፊፕሮኒል ስፕሬይ ተርፎ ስለነበር ትናንት አንዷን ረጨኋት። ዛሬ ጥግ ይዛ ተቀምጣ ጎመኗንም አልነካችም። ምን ላድርግ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ልጄ፣ ለመጠየቅ መፍጠንሽ ጥሩ አድርገሻል። ፊፕሮኒል ለድመትና ለውሻ የሚሆን ቢሆንም ለጥንቸል ግን መርዝ ነው። መጀመሪያ የሚታየው ይኸው መፍዘዝና አለመብላት ነው፤ መንፈራገጡ ከቀናት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ዛሬ አልተንቀጠቀጠችም ብለሽ እንዳትዘናጊ። ለወላጆችሽ ንገሪና ዛሬ ሐኪም ያያት።

እስከዚያው ጓንት አድርገሽ የተረጨውን ቦታ በለብ ያለ የሳሙና ውሃ በተነከረ ጨርቅ ደጋግመሽ ጥረጊ፣ ከዚያ ንጹሕ ውሃ በነካ ጨርቅ አስለቅቂው። ባልዲ ውስጥ አትንከሪያት፤ ጥንቸል ስትነከር በድንጋጤና በብርድ ልትሞትብሽ ትችላለች። በደንብ አድርቂያትና ሞቅ ያለ፣ ጭር ያለ ቦታ አስቀምጫት። ሁለተኛዋን ጥንቸል ለያት፤ ይላላሳሉ። ጥንቸል ከግማሽ ቀን በላይ ሳትበላ ከዋለች አንጀቷ ሥራውን ያቆማል፤ ስለዚህ ትኩስ ሣርና ውሃ አፏ ሥር አኑሪ፤ ፍግ መጣሏንም ተከታተዪ። ካልበላች በስሪንጅ ምን እንደምትሰጪያት ሐኪሙ ያሳይሽ። ለጥንቸል ቁንጫ ሐኪም መጠኑን ለክቶ የሚሰጠው ሰላሜክቲን ወይም ኢሚዳክሎፕሪድ አለ።

ጥያቄ፦ ጠብታውን ካደረግሁለት በሁለተኛው ቀን አሁንም ቁንጫ አየሁበት። ልድገምለት? (ከዱባይ)

መልስ፦ አይድገሙት። ከሚደርሱን የመመረዝ ጥያቄዎች ጥቂት የማይባሉት የሚጀምሩት ከዚህ ነው፤ ሰኞ ጠብታ፣ ረቡዕ ሌላ ጠብታ፣ ዓርብ ደግሞ የአንገት ማሰሪያ። የእያንዳንዱ መጠን ለብቻው ደህና ቢሆንም አንድ ላይ ሲደራረብ ይመርዛል።

እንስሳው ላይ የሚታየው ቁንጫ በቤቱ ካለው ጠቅላላ 5 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሌላው እንቁላል፣ ዕጭና ኩብኩባ ሆኖ ምንጣፉና መኝታው ውስጥ አለ። ኩብኩባው በተሸመነ ሽፋን ውስጥ ስለሚቀመጥ ፀረ ተባይ አይደርሰውም፤ ለወራት ሊቆይም ይችላል። ሙቀትና እንቅስቃሴ ሲሰማው ይወጣና መድኃኒት የተደረገለት ውሻዎ ላይ ይዘላል፤ ከዚያ ይሞታል። የሚያዩት ይህን አዲስ መጤ ነው። መኝታውን በ60 ዲግሪ ውሃ ይጠቡ። ምንጣፉንና የሶፋውን ሥር ለጥቂት ሳምንታት በየቀኑ በቫኪዩም ይጥረጉ፤ ንዝረቱ ኩብኩባውን ስለሚያስወጣው ይጠቅማል፤ የተጠራቀመውን ወዲያው ከቤት ያውጡ። መድኃኒቱን ካርቶኑ ላይ በተጻፈው ቀን ብቻ ይድገሙ። በቤቱ ያሉት ድመትና ውሻ ሁሉ፣ እያንዳንዳቸው ለራሳቸው ዓይነትና ክብደት በተዘጋጀው፣ አንድ ቀን ላይ ይደረግላቸው።

ጠብታ ከመደረጉ 48 ሰዓት በፊትና በኋላ ገላውን በሻምፑ አይጠቡት። መድኃኒቱ የሚሰራጨው በቆዳው ቅባት ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የሦስት ሳምንት ቡችሎች በቁንጫ ተወርረዋል። አንዱ ድድ ነጥቷል፣ አይጠባም። የትኛውን መድኃኒት ልስጣቸው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ የትኛውንም አይስጧቸው። አብዛኞቹ ጠብታዎች ከ8 ሳምንት በታች ለሆኑ አይፈቀዱም። ድዱ የነጣው ቡችላ ቁንጫ ደሙን ስለጨረሰው ነው፤ አሁኑኑ ክሊኒክ ይሂድ፤ ደም መስጠት ሊያስፈልገው ይችላል። መርዝ ቢረጭበት ያ የደከመ ገላ አይችለውም፤ ቢሞት ደግሞ መድኃኒቱ ይሁን ደም ማነሱ መለየት ያስቸግራል።

ሌሎቹን አንድ በአንድ ይጠቡ። መጀመሪያ አንገታቸው ዙሪያ የሳሙና አረፋ ቀለበት ይሥሩ፤ አለበለዚያ ቁንጫው ወደ ጆሮና ዓይን ይሸሻል። ከአንገት በታች ያለውን ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ለሁለት ሦስት ደቂቃ አሽተው ያለቅልቁ። ወዲያው በፎጣ ያድርቁ፤ ቡችላ ሙቀቱን መጠበቅ ስለማይችል እርጥብ ሆኖ መቆየቱ ከቁንጫው ያልተናነሰ ያሰጋዋል። ከዚያ ጥርሱ ጠባብ በሆነ የቅማል ማበጠሪያ ያበጥሩ፤ ማበጠሪያውን በየጊዜው የሳሙና ውሃ ውስጥ ይንከሩት። ማበጠሩን በየቀኑ ይቀጥሉ፤ እጥበቱን ግን በየቀኑ አያድርጉት።

ለእናታቸው ለምታጠባ ውሻ የሚፈቀድ መድኃኒት ሐኪሙ ይምረጥላት፤ ሰላሜክቲን ከእነዚህ አንዱ ነው። ጠብታው እስኪደርቅ ቡችሎቹ ጀርባዋን እንዳይልሱ ይለዩአቸው፤ ከዚያ ወደ እሷ ይመልሷቸው። የተኙበትን ጭድ አውጥተው ያቃጥሉት፤ ሥሩን ጠርገው ሊታጠብ የሚችል ጨርቅ ያንጥፉላቸው፤ ጨርቁንም በየሁለት ቀኑ በፈላ ውሃ ይጠቡት።